ከተማው ያውቅ ነበር ወይ?



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ማዕድ ላይ የማይወራ ነው። ከመንገድ ሥር ካለው ዋና የፍሳሽ መስመር ተመልሶ ቤታችን ውስጥ ስለሚገነፍል ቆሻሻ፣ የጉዳቱንም ካሳ ማን እንደሚከፍል ልንነጋገር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ወገኖች ቤት ስንገዛ የዕድሜ ልክ ልፋታችንን እዚያው ላይ ነው የምናፈሰው። ቤዝመንቱን አሳምረን ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻችንን እናሳርፍበታለን፤ ወይም አዲስ ለገባ ልጅ አከራይተን ሞርጌጁን እንደጉምበታለን። ፍሳሽ ሲመለስ ደግሞ ቀድሞ የሚገባው እዚያው ነው፤ ከታች የሚገፋ ውሃ የሚወጣው ከሁሉም ዝቅ ባለው ቀዳዳ ነውና።

ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። መስመሩ የከተማው ከሆነ፣ ከተማው ለምን አይከፍልም? ሕጉ ግን ቆሻሻው ከከተማው መስመር ስለመጣ ብቻ ከተማው ይክፈል አይልም። ሕጉ የሚጠይቀው፣ መስመሩ መበላሸቱን ከተማው ያውቅ ነበር ወይ? ማወቅስ ነበረበት ወይ? ካወቀስ በኋላ ምን አደረገ? እያለ ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ምክንያቱም ከተማው እንዲያውቅ የሚያደርገው የነዋሪው አቤቱታ ነው፤ እኛ ደግሞ አቤት አንልም።

መጀመሪያ ነገሩ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ልናገር። ሌሊት ነው፣ ውጭ ዝናብ ይጥላል። የቤዝመንቱ ሽንት ቤት ማንም ሳይነካው ይንቦጫረቃል። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ወለሉ ላይ ካለችው ማፍሰሻ ግራጫ ውሃ ብቅ ይላል፤ ብጣሽ ወረቀት ይዟል፣ ሽታው ግን ገና ስስ ነው። ከዚያ የገላ መታጠቢያው መሙላት ይጀምራል። ምንጣፉ ይጠጣዋል፣ ከምንጣፉ ግድግዳው ይስበዋል፣ በነጋታው ድራይዎሉ ከወለል አንድ ክንድ ያህል ጠቁሮ ይገኛል። በዚያች ሰዓት አንዲት ፈተና አለች፤ ቤት ውስጥ ያለውን ውሃ በሙሉ ዝጉ። ዘግታችሁም ውሃው ከፍ ማለቱን ከቀጠለ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ዋናው መስመር ሞልቷል ወይም ተዘግቷል ማለት ነው። የሚመለሰው እናንተ ውሃ ስትለቁ ብቻ ከሆነ ግን የተዘጋው ከቤታችሁ እስከ ዋናው መስመር ያለው የራሳችሁ ቧንቧ ሳይሆን አይቀርም። የዚያ ቧንቧ ባለቤት እናንተ ናችሁ፤ በአንዳንዱ ቦታ እስከ ግቢያችሁ ወሰን፣ በሌላው እስከ ዋናው መስመር ድረስ። በአሮጌ ሰፈሮች ይህ ቧንቧ የሸክላ ነው፣ የዛፍ ሥር በመጋጠሚያው ይገባበታል። ስለዚህ የራሳችሁን ፕላምበር ጠርታችሁ በካሜራ አስመርምሩት፤ መዘጋቱ ከቤታችሁ ስንት ጫማ ርቆ እንደሆነም በጽሑፍ ይስጣችሁ። ከብዙ ክርክር ይልቅ ያቺ ወረቀት ትናገራለች።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ሁላችንም ሰምተን አድገናል። አሜሪካም ከእንግሊዝ የወረሰችው ሕግ በዚሁ መንፈስ የቆመ ነበር፤ መንግሥት ካልፈቀደ በስተቀር አይከሰስም። ግዛቶቹ ይህን ግድግዳ በየጊዜው በር በር እያወጡለት መጥተዋል፤ በሩ ያለበት ቦታ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። በፍሳሽ ጉዳይ ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶች የሚያሰምሩት መስመር በዕቅድና በጥገና መካከል ነው። ከተማው የቧንቧውን ስፋት ሲወስን፣ የትኛውን ሰፈር አስቀድሞ እንደሚያድስ ሲመርጥ፣ ያ የአስተዳደር ውሳኔ ነውና ዳኛ አይገባበትም። የተዘረጋውን መስመር ሳይጠርግ፣ የተሰበረውን ሳይጠግን፣ የተነገረውን ሳይሰማ ሲቀር ግን እንደማንኛውም ቸልተኛ ባለንብረት ሊጠየቅ ይችላል። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) አንድ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በመስመር እንክብካቤ ጉድለት ሲከሰስ ያለመከሰስ ከለላ አይገባውም ብሏል።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የጻፈችው ሚሺጋን ናት። በ2001 ያወጣችው ሕግ ባለቤቱ ማስረዳት ያለበትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። መስመሩ ጉድለት ነበረበት። መሥሪያ ቤቱ ጉድለቱን ያውቅ ነበር፣ ወይም ተገቢ ጥንቃቄ ቢያደርግ ማወቅ ነበረበት። ሥልጣኑ እያለው በተገቢው ጊዜ ተገቢውን እርምጃ አልወሰደም። ለጉዳቱም ዋናው ምክንያት ይህ ጉድለት ነው፣ ማለትም ቢያንስ ግማሹን ይሸፍናል። የእኛ ግዛቶች እንዲህ ዘርዝረው አይጻፉት እንጂ፣ በቸልተኝነት ክስ ዳኛው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የካሳ ማመልከቻ ሲጽፉ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። ቤዝመንታቸው ከአልጋው እስከ ጓዳው ጠፍቷል። ከዚያ በፊት ተመልሶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዝናብ በጠና ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይላል እንጂ» አሉኝ። ለማን ነገሩ? ለማንም። በረኪና ይዘው ወርደው ያጥቡታል፣ ምንጣፉን አውጥተው ያሰጡታል፣ እንግዳ ሲመጣ እጣን ያጨሳሉ። ልጃቸው እንኳ የሰማው ያን ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ የመለሰላቸው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ በዚያ መስመር ላይ ከዚህ ቀደም የቀረበ አቤቱታ የለም፣ ስለዚህ ጉድለቱን የምናውቅበት ምክንያት አልነበረም ይላል። ኋላ እንደሰማነው ከአጠገባቸው ያለው ቤት ባለቤትም ወገናችን ነው፤ እሱም ለዓመታት እንደዚሁ ሲያጥብ ኖሯል። ሁለቱ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው፣ አንዱ ከሌላው ተሸሽገው፣ የከተማውን ጥፋት በየበረኪናቸው ሲያጠፉለት ከርመዋል።

ይህ የሚያመኝ እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ገመናን መሸፈን ከእናት ከአባታችን የተማርነው መልካም ነገር ነው፤ ቤታችን ውስጥ የገባው የመንገዱ ቆሻሻ ግን የእኛ ገመና አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብለን የተውነው እያንዳንዱ ትንሽ መመለስ በከተማው መዝገብ ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ይቀመጣል፤ ትልቁ ሲመጣ ያ ባዶ መስመር በእኛ ላይ ይመሰክራል። ስለዚህ አንድ ጭልፋ ውሃም ቢሆን ተመልሶ ከታየ ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ ወደ 311 ደውሉ፣ በአካባቢያችሁ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ካለም ለእሱ የአደጋ መስመር ደውሉ፤ የአቤቱታውን ቁጥር ጠይቁና ከቀኑ ጋር ጻፉት። ለጎረቤታችሁም ንገሩ፣ እሱም ይደውል። የአንድ ሰፈር አምስት ቤት በአንድ ዝናብ አምስት ጊዜ ከደወለ፣ በሚቀጥለው ዓመት አላወቅንም የሚል ደብዳቤ መጻፍ ይከብዳል። የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዲሲ ሕጎች ደግሞ የመንግሥት መዛግብትን የመጠየቅ መብት ይሰጡናል። በመንገዳችሁ ሥር ያለው መስመር መቼ እንደተጠረገ፣ ምን አቤቱታ እንደቀረበበት የሚያሳየውን የሥራ መዝገብ በጽሑፍ ጠይቁ። የጠበቃ ፊርማ አያስፈልገውም።

መስመሩ ስላልተጠረገ ሳይሆን ጠባብ ሆኖ ስለተሠራስ? እዚያ ላይ የፍርድ ቤቱ በር ጠባብ ነው፤ ሌላ በር ግን አለ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለውን ብሉሚንግዴልን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዩ ስትሪት ምግብ ቤቶቻችን ሩቅ አይደለም። የዲሲ አንድ ሦስተኛው ያህል የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ የሚሄድበት ነው፤ ያ ሰፈርም በዚሁ ውስጥ ነው። ፍሳሹን የሚወስደው ግንድ መስመር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራ፣ ከተማው ካደገ በኋላ ያልበቃ መስመር ነበር። በ2012 ክረምት ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ውስጥ ደጋግሞ ሞልቶ በየቤዝመንቱ ገባ። ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም። ፎቶ አነሡ፣ በየስብሰባው ቆመው ተናገሩ፣ የምክር ቤት አባላትን ጠሩ። የዚያን ጊዜው ከንቲባ ቪንሰንት ግሬይ በዚያው ዓመት ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ትርፉን ውሃ እንዲይዝ ከመሬት በታች የተቆፈረው የመጀመሪያው ዋሻ በ2016 ተጠናቀቀ፤ አምስት ማይል የሚረዝመውና 23 ጫማ ስፋት ያለው ትልቁ ዋሻ ደግሞ በመስከረም 2023 ሥራ ጀመረ፣ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ። ሥራውን ያፋጠነው የካሳ ክስ ሳይሆን ሰፈሩ በአንድ ድምፅ መጮኹ ነው። ባልቲሞርም እንዲሁ፤ ከፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ከሜሪላንድ ጋር በ2002 በፍርድ ቤት ትእዛዝ የገባው ስምምነት በ2017 ሲታደስ፣ በዝናብ ምክንያት ፍሳሽ ለተመለሰባቸው ቤቶች የጽዳት ወጪ የሚተካ ፕሮግራም ተጨመረበት። የመጀመሪያው ጣሪያ 2,500 ዶላር ነበር፣ ኋላ ወደ 5,000 ከፍ ብሏል። ለደረሰው ጉዳት ይህ ጥቂት ነው። እሱን ለማግኘትም መመለሱን በ24 ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ዝናቡ ከልክ ያለፈ ከሆነ ከተማው ሌላ መከላከያ ያነሣል። በመስከረም 2021 ኢዳ የተባለው ማዕበል ኒውዮርክን ሲመታ በከተማዋ ቤዝመንት ውስጥ የሚኖሩ 11 ሰዎች ሞቱ። በኋላ የቀረቡትን ከ4,000 በላይ የካሳ ጥያቄዎች ከተማዋ ውድቅ ያደረገችው በ1907 የተሰጠን ፍርድ ጠቅሳ ነው፤ ፍርዱ ከተለመደው ላለፈ ዝናብ ከተማ አይጠየቅም ይላል። ያለፈው መቶ ዓመት ዝናብ የዛሬው አይደለም። በየዓመቱ የሚመጣን ነገር ከተለመደው ያለፈ ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም፣ ሕጉም መለወጥ አለበት እላለሁ።

ንብረቴን መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ወስዶታልና ይካሰኝ የሚል መንገድም አለ፤ እሱ ግን ቀላል አይደለም። አርሊንግተን ካውንቲ ውስጥ የማጣሪያ ጣቢያው ተበላሽቶ ፍሳሽ ወደ አንድ የምግብ መደብር ተመልሶ ነበር። በ2017 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተራ ቸልተኝነት ንብረት መውሰድ አይባልም አለ፤ ካውንቲው ሆን ብሎ ያደረገው ነገር ካለ ግን ክሱን አሻሽላችሁ አቅርቡ ብሎ በሩን አልዘጋም። የካሊፎርኒያው የኦሮቪል ጉዳይ ደግሞ ለእኛ በቀጥታ ትምህርት አለው። በታኅሣሥ 2009 የአንድ የጥርስ ሕክምና ሕንፃ መጸዳጃና ማጠቢያ ሁሉ ገነፈለ፤ ቢሮው ተበላሸ። የከተማው ደንብ ግን ሕንፃው መመለሻ የሚከለክል ቫልቭ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር፣ ሐኪሞቹም አላስገቡም። በ2019 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ።

ይህ ቫልቭ በቤቱ ቧንቧ ላይ የሚገባ መዝጊያ ነው፤ ፍሳሹ ሲወጣ ይከፈታል፣ ሲመለስ በራሱ ይዘጋል። በተዘጋበት ሰዓት እናንተም ውሃ መልቀቅ የለባችሁም፣ መውጫ የለውምና። በዓመት አንድ ሁለቴ ተከፍቶ መጠረግ አለበት። አዲስ ቤዝመንት የምታሠሩ ሰዎች ሰድር ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ስለ ቫልቩ አጥብቄ የምናገረው በሌላ ምክንያትም ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ሕግ የተጎጂው የራሱ ጥፋት ለጉዳቱ ትንሽም አስተዋጽኦ ካለው ካሳውን በሙሉ ሊያሳጣው ይችላል። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ቢሆን። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2013 ይህን ደንብ እንዲለውጥ ተጠይቆ ሳይለውጠው ቀርቷል። እኛ ያደግንበት ሕግ እንዲህ አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2098 የተጎጂው ጥፋት ካሳውን ይቀንሳል እንጂ ጭራሽ አያጠፋም፣ ቁጥር 2126ም የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው መንግሥትን መጠየቅ ይፈቅዳል። እዚህ ግን የከተማው ጠበቃ መጀመሪያ የሚመለከተው የእናንተን ወጥ ቤት ነው። ከድስት የተራረፈ ንጥር ቅቤና የቁሌት ዘይት በሙቅ ውሃ ሲታጠብ የሄደ ይመስላል፤ ቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ሲደርስ እንደ ሻማ ሰም ይረጋል። ድስቱን ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉት፣ ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። የሕፃን መጥረጊያ ዋይፕስም፣ በማሸጊያው ላይ ሽንት ቤት ይወርዳል ተብሎ ቢጻፍም፣ አይውረድ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸነፍበትን ልንገራችሁ፤ እሱም ጊዜ ነው። የኢትዮጵያው ሕግ ቁጥር 2143 ለካሳ ክስ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ ያን የለመደ ሰው እስኪረጋጋ ይጠብቃል። እዚህ መክሰሻው ጊዜ ረዘም ያለ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ለመንግሥት የሚሰጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ አለ፤ እሱ ካለፈ ክሱም አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ዲሲን ለመጠየቅ ጉዳቱ በደረሰ በስድስት ወር ውስጥ ለከንቲባው በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ መቼ፣ የት፣ በምን ምክንያት፣ እንዴት እንደሆነ። በቨርጂኒያ ካውንቲና ከተማ ላይም ስድስት ወር ነው። በሜሪላንድ ከ2015 ወዲህ አንድ ዓመት ሆኗል፤ ካሳውም ለአንድ ሰው ከ400,000 ዶላር አይበልጥም። ሚሺጋን ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉላቸው፤ እዚያ 45 ቀን ብቻ ነው። 311 መደወል ይህን ማስታወቂያ አይተካም። ኢንሹራንሱ ጋ የተጻፈው ደብዳቤም አይተካውም። ለየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻው፣ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ ላኩ፤ ጉዳታችሁ ከባድ ከሆነም ጠበቃ ያዙ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ሥርዓት አለ። ውሃው ሶኬት ጋ ከደረሰ አትግቡበት። ከመጥረጋችሁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል፣ የውሃውን ከፍታ ግድግዳው ላይ፣ የተበላሸውን ዕቃ ፎቶ አንሡ፣ ቪዲዮም ቅዱ። ከዚያ ወዲያው አጽዱ፤ ጉዳቱ እንዳይባባስ የማድረግ ግዴታ የእናንተም ነው፣ ሻጋታም ሁለት ቀን አይጠብቅም። ፍሳሽ የነካው ምንጣፍና ፍራሽ አይታጠብም፣ ይጣላል፤ ሲጣል ግን ፎቶው ይቀመጥ።

ስለ ኢንሹራንስ ባጭሩ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ከፍሳሽ መስመር የተመለሰን ውሃ አይሸፍንም። ተጨማሪ ውል አለ፤ ወተር ባካፕ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ 5,000 ወይም 10,000 ወይም ከዚያ በላይ ዶላር ድረስ ይሸፍናል። ነገ ጠዋት ለኤጀንታችሁ ደውሉና ይህ አለኝ ወይ፣ እስከ ስንት? በሉ። የባለቤቱ ውል የተከራዩን ልብስና አልጋ አይሸፍንም፤ ተከራዩ የራሱ የሬንተርስ ኢንሹራንስና የራሱ ተጨማሪ ውል ያስፈልገዋል።

ተከራይ ካልኩ አይቀር የከበደውን ልናገር። ከመካከላችን ቤዝመንቱን ያለ ፈቃድ የሚያከራይ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ፍሳሽ ሲመለስ አይደውልም፤ ተቆጣጣሪ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ታች የሚኖረው ልጅም አይደውልም፤ ያስወጣኛል ብሎ ይፈራል፣ ቋንቋውም ያስፈራዋል። እሱ ግን በፍሳሹ መካከል የሚተኛው ነው፤ ሳል የጀመረው፣ ሰነዱ የራሰው፣ ኢንሹራንስ የሌለው እሱ ነው። ወገንህን ከመሬት በታች አስቀምጠህ ኪራይ እየተቀበልክ፣ ለራስህ ስትፈራ የእሱን አቤቱታ ማፈን ትልቅ በደል ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለማከራየት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዲሲም ይጠይቃል። ፈቃዱን አውጡ፤ መስኮቱ ይስፋ፣ ጭስ ጠቋሚው ይሰቀል፣ ቫልቩ ይግባ። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት አያስፈራም።

ለተከራዩም ለእናቶችም የምለው፣ ቋንቋ አይከልክላችሁ። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ 311 ስትደውሉ «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ሌሎቹም ካውንቲዎች በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተናል፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ለጎረቤታችሁም ጨምራችሁ ውሰዱ። ቤታችሁ ውስጥ ፍሳሽ ተመልሶባችሁ የሚያውቅ ሰዎች ቀኑን የምታስታውሱ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ከእኔ ጋር ተቀመጡ፣ መንገዳችሁን ጠቅሰን የመዝገብ ጥያቄውን ዛሬ ማታ እንጽፋለን።